ድልድዩን የሣለው ማን ነው?

ሰኞ ማታ

አለቃዬ ዛሬ ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። በሩን ከዘጋ ወይ እድገት ነው ወይ መከራ፤ ዛሬ ሁለቱንም ጠቅልሎ አሸከመኝ። የመስቀለኛው መንገድ ንድፌ ተወዷል። በተለይ የእግረኛ ድልድዩ። «የሣለው እጅ ይባረክ» አለኝ። ከበላይ ያሉትም አይተው ራሳቸውን ነቅንቀዋል፤ ወደ ታች ይሁን ወደ ጎን ግን አልነገረኝም። የቀረችው «ትንሽ ነገር» የነዋሪውን አስተያየት መሰብሰብ ናት። ሰብሳቢዋ እኔ። ነገሩ ከሰመረ የክፍል ኃላፊነቱ የእኔ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ሳልነግረው ወጣሁ። መስቀለኛው መንገድ ጥግ ላይ ያለው ቀይ በር የእኛ ቤት ነው። ነዋሪ ማለት እማዬ ናት።

እዚህ ማንም አያየኝምና ልጻፈው፤ ድልድዩ ቆንጆ ነው። እንደ ቀስት ተወጥሮ ከዚህ ጥግ ተነስቶ እዚያ ጥግ ያርፋል። መንገዱ መሃል ለመሃል በብረት አጥር ይዘጋል፤ ማንም ከታች ዘው ብሎ አይገባም። መኪናው በታች፣ ሰው በላይ። ሥርዓት ማለት ይኼ ነው።

ቤት ስገባ እማዬ ቀድማኝ ሰምታለች። ዕድሜዋን ስልክ ማዞሪያ ላይ የጨረሰች ሴት ወሬ ፍለጋ አትወጣም፤ ወሬው ራሱ ይደውልላታል።

«ድልድይ ሊሠሩ ነው አሉ» አለች ሾርባ እየጨለፈች።

«እንደዚያ ይባላል።»

«የሣለው ሰው እናት የለውም?»

ሾርባው ትን አለኝ። ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች «ቀስ ብለሽ ዋጪ፤ ማን ይቀማሻል?» አለችኝ።

«ቢሮው ነው የሣለው» አልኩ ሳል በሳል ሆኜ።

«ቢሮ እጅ አለው እንዴ?»

ነገ እነግራታለሁ።

ማክሰኞ

አልነገርኳትም። ቸኩዬ ነበር። እሷም ቸኩላ ነበር።

ረቡዕ

ሰፈሩ ኮሚቴ አቋቋመ። ጸሐፊው ጥጉ ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ጋሽ መቀስ እንለዋለን፤ የሰውዬው መቀስ ዕረፍት አላት፣ ምላሱ ግን የላትም። ሊቀመንበሯን መገመት አይከብድም።

«እምቢ ብል በግድ አሉኝ» አለች እማዬ ሻይ እየቀዳች። ጋሽ መቀስ እንደነገረኝ ከሆነ ግን የጠቆመችው ራሷ ናት፣ የደገፈችውም ራሷ፤ ሌላው ያጨበጨበው በፍርሃት ነው።

«የሣለውን ሰው ከቢሮሽ አጣሪልኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ላየው ብቻ።»

እማዬ «ላየው ብቻ» ያለችው ሰው ሁሉ ሰፈር ለቋል።

ዓርብ ማታ

ስብሰባው ተካሄደ።

አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቷል። የድልድዩ ሥዕል ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እኔ መጠቆሚያ ዱላ ይዤ ቆሜያለሁ። አለቃዬ ጎኔ። እማዬ የፊት ረድፍ ላይ፣ ጥቁር ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ልጇ መሆኔን ከአለቃዬ በስተቀር የማያውቅ የለም፤ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። አስጠንቅቃቸዋለች ማለት ነው።

አስተያየት ጠየቅኩ። ምነው አፌን በቆረጠው! ጋሽ መቀስ አደባባይ ይሠራልን፣ መሃሉ ላይ ፏፏቴ ይኑረው አለ፤ ሰው ፏፏቴ ሲያይ ይቆማል፣ ሲቆም ፀጉሩ ማደጉ ትዝ ይለዋል። የዳቦ ቤቷ ባለቤት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ጠየቀች፤ የት ሲሏት ልክ በሯ ፊት ለፊት። አንድ ወፍራም ሰውዬ መንገዱ ይስፋ አለ፣ ከማዶ በኩል። ማዶ ያለው ደግሞ ይስፋ አለ፣ ከወዲህ በኩል። ሁለቱ ሊያያዙ ሲሉ አንዲት ሴት ተነስታ የጎረቤቷ ውሻ ሌሊት እንደሚጮህ አመለከተች። ይህን መዝግቢ አለችኝ፤ መዘገብኩ።

ከዚያ እማዬ ተነሳች።

«ወይዘሪት መሐንዲስ» አለችኝ። ጠዋት «ካልሲሽን ከሶፋው ላይ አንሺ» ያለችኝ ሴት! «እርስዎ ሲገምቱት፣ ደረጃው ምን ያህል ነው?»

«በርከት ያለ ነው፣ እመቤት።»

«በርከት ማለት?»

«ወደ ሦስት ፎቅ ቢሆን ነው፣ እመቤት።»

«አመሰግናለሁ።» ልትቀመጥ ጎንበስ ብላ ቀና አለች። «ይህን የሣለው አህያ ነው እንዳልል አህያን መስደብ ይሆንብኛል። አህያ እንኳን ሜዳ እያለላት ገደል አትወጣም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አለቃዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይህቺ ሴትዮ ማናት?» አለኝ።

«አላውቃትም።»

አላውቃትም! አምልጦኝ ወጣ። የጎደለው የዶሮ ጩኸት ብቻ ነበር።

ቤት ስገባ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ትስቃለች። «እንዴት ነበርኩ?»

«እርስዎ ማለትሽስ?»

«በሥራሽ ቦታ ላክብርሽ ብዬ ነዋ። አንቺ ብልሽ ይሻልሽ ነበር?»

ቅዳሜ

ዳቦ ግዢ ብላ ማዶ ላከችኝ። ድሮ ራሷ ነበረች የምትሄደው። «ዳቦው ዘንድሮ ከፍቷል፤ ብሄድ እናገርና እጣላለሁ» ትላለች። ከፋ የምትለውን ዳቦ ግን ከእኔ እጥፍ ትበላለች።

ከዳቦ ቤቱ አጠገብ የእማዬ የልጅነት ጓደኛ ልብስ ሰፊዋ አለች። በመስኮቷ ጠራችኝ። «እናትሽ በምን ተቀየመችኝ? ባሌ አልጋ ላይ ነው፣ ጥዬው አልወጣ። እሷ ምን ያዛት?»

ለእማዬ ስነግራት «ተጣልተናል» አለች።

«በምን?»

«አሁን ረሳሁት።»

አሮጊቶች ሲኳረፉ ከሕፃን ይብሳሉ።

ሰኞ፣ ቆሜ

የትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካ ዛሬ አስቆመኝ። (ስሙን ማንም አያውቀውም፤ ፊሽካ ነው።) «እናትሽ ለኮሚቴው ጥናት ላይ ናቸው መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት ጠርዙ ላይ ይቆማሉ፣ ያያሉ፣ ያያሉ፣ ይመለሳሉ።»

ጉድ! ማስረጃ እየሰበሰበችብኝ ነው። ስልክ አዳማጭ የነበረች ሰው መቼም አመሏ አይለቃትም።

ረቡዕ

አለቃዬ ሴትዮዋን ቤቷ ሄደን እናለስልሳት ብሏል። ሰው ቤቱ ሲሄዱለት ይለሰልሳል ይላል። ነገ አሥር ሰዓት። አመመኝ ልበል? እውነትም እያመመኝ ነው።

ሐሙስ ማታ

ተደርጓል። ሁሉንም ልጽፈው ነው፣ አለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጠዋት ከቤት ስወጣ የምረቃ ፎቶዬን ከሳሎን ግድግዳ አውርጄ አልጋዬ ሥር ከተትኩት። አሥር ሰዓት ላይ የገዛ ቤቴን በር እንደ እንግዳ አንኳኳሁ። እማዬ ከፈተች፤ ደህናውን ሹራቧን ለብሳለች። «ደህና መጡ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» እያለች አለቃዬን መርጣ አንድ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ቀና ስል ፎቶዬ ግድግዳው ላይ ነው። ልክ ከራሱ በላይ። ተወልውሏል እንኳን።

አለቃዬ የሚጣፍጥ አንደበት አለው። «እመቤት፣ ድልድዩ ለእርስዎ ደህንነት ነው።»

«ወደ ሰማይ መውጣቱ አይቀርልኝም፣ የኔ ልጅ። ከጊዜው በፊት ለምን ታጣድፈኛለህ?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ድመታችን መጥታ ጭኔ ላይ ወጥታ ነበር። «እንስሳት ይወዱሻል» አለኝ አለቃዬ እየተደነቀ።

እማዬ ሻይ አመጣች። «ወይዘሪት፣ ስኳር ስንት ላድርግልዎ?»

«ሁለት።»

«ሁለት ይበዛል። ጥርስዎን ይጎዳዎታል።» አንድ አደረገች።

ለመነሳት ስትል ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ትንፋሿን ይዛ ነው ብድግ ያለችው። ለአለቃዬ ደካማ አሮጊት ለመምሰል! ተዋናይት መሆን ነበረባት። አለቃዬም አንጀቱ ተበላና ትሪውን ሊቀበላት ተነሳ፤ ሲዞር ፎቶው ፊት ለፊቱ ድቅን አለ። አየው። አየኝ። ትሪውን ተቀበላት።

ደጅ ስንወጣ «ልጃቸው አንቺን ትመስላለች» አለኝ። «እሷ ግን ትስቃለች።»

ተመልሼ ስገባ እማዬ ግድግዳውን ይዛ ወደ ማድቤት ትሄዳለች። እንግዳው ከሄደ በኋላም ትወናውን አልተወችውም። «በቃ፣ ሄዷል» አልኳት። «ማን?» አለችኝ።

ማክሰኞ ማታ

ዛሬ የእግረኛ ቆጠራ ነበረብኝ። ማዶ፣ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ የሚሻገረውን ሰው እመዘግብ ነበር። ቀዩ በር ተከፈተና እማዬ ወጣች። ደህናው ሹራብ፣ ጥቁሩ ቦርሳ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን። ሰላይዋ መጣች ብዬ ከዳቦ ቤቱ አምድ ጀርባ ተደበቅሁ።

ጠርዙ ላይ ደርሳ ቆመች። ፊሽካ ነፋ፣ መኪናው ቆመ፣ ሰው ተግተልትሎ ገባ። እማዬ አንድ እግሯን አወረደች። ወዲያው መለሰችው። ሰው አልቆ ተሻገረ፣ መኪናው ጥሩምባውን እያምባረቀ ተነሳ። ደግሞ ፊሽካ፣ ደግሞ አንድ እግር፣ ደግሞ መመለስ። አንዲት ወጣት ክንዷን ልትይዛት ስትል እማዬ ፈገግ ብላ ቦርሳዋን ከፈተች፤ የጠፋባት ነገር ያለ ይመስል ስትበረብር፣ ልጅቷ ብቻዋን ተሻገረች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ልብስ ሰፊዋ መስኮት እጇን አወዛወዘች። እንዲሁ፣ እንደዋዛ፣ ለሰላምታ ብቻ እንደወጣ ሰው። ሳህኗን ይዛ ተመለሰች።

ቆጠራው ተበላሸ። ስንት ሰው አለፈ ቢሉኝ አላውቅም።

«ወደ ሦስት ፎቅ ቢሆን ነው፣ እመቤት» ብያታለሁ። በሙሉ አፌ። በመጠቆሚያ ዱላ እያሳየሁ።

ማታ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ብስኩት ነው። ከዚያው በላን።

«የት ዋልሽ?»

«ማዶ።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል።

«እማዬ፣ ጉልበትሽ ግን…»

«ጉልበቴ ምን ሆነ? ጉልበቴን ለኮሚቴ አላቀረብኩም።»

ሐሙስ

ሌላ ሣልኩ። ድልድይ የለም። አጥር የለም። ሰፊ መሻገሪያ፣ መሃሉ ላይ ሰው ቆሞ የሚተነፍስበት ደሴት፣ ሰውን የሚጠብቅ መብራት። ሲያዩት ምንም አይማርክም። ለሽልማት አይላክም። ድልድዬን ሳጥፈው ሆዴ ባባ፤ ይህንንም እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።

ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት

አለቃዬ ጮኸ። ለበላይ ያሳየውን ምን ብሎ ይመልስ? «በአንዲት አሮጊት ምላስ?» አለኝ። በምላሷ አይደለም አልኩት፤ በምን እንደሆነ አልነገርኩትም። የክፍል ኃላፊነቱን እርሺው አለ። ቀጥሎ ትንሽ በረድ ብሎ፣ ሁለቱንም አቅርቢ፣ ሕዝቡ እንደሆነ አንዱንም አይመርጥም አለ። ከሰዓት ነው ስብሰባው።

አልበላሁም።

ዓርብ ማታ

ዱላውን አስቀምጬ በባዶ እጄ ቆምኩ። «ባለፈው ያያችሁትን ድልድይ የሣልኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ ሆነ። ጋሽ መቀስ ብድግ አለ፤ «ለካ አህያዋ አንቺ ነሽ!»

እማዬ ተነሳች። የያዘችው ነገር አልነበረም፤ ወንበርም፣ ጠረጴዛም። «ማንን ነው አህያ ያልከው?»

«እንዴ! ባለፈው እርስዎ ራስዎ…»

«እኔ እናቷ ነኝ! ወልጃታለሁ፣ ስፈልግ አህያ፣ ስፈልግ በቅሎ እላታለሁ። አንተ በየትኛው ምጥህ ነው?»

አለቃዬ አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ እኔ አዞረ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ደግሞስ ድልድዩ ምን አለው?» ቀጠለች፤ መቼም ከተነሳች አታቆምም። «እንዲህ ያለ ቀስት የት ሀገር አለ? እስቲ አንድ ሰው ይህን ቆንጆ አይደለም ይበል!»

ማንም አላለም። ከኋላ አንድ ድምፅ በፍርሃት «እንግዲያው ይሠራ?» አለ።

«አይሠራም! ቆንጆ ነው አልኩ እንጂ መቼ ይሠራ አልኩ?»

ሳቁ እስኪበርድ ጠብቄ አዲሱን አሳየሁ። ወፍራሙ ሰውዬ ደሴቷ ለምን አስፈለገች አለኝ፤ መንገድ ማጣበብ አይሆንም ወይ? አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነበር። «በአንድ ትንፋሽ መሻገር የማይችል ሰው አለ» አልኩ ብቻ። ወደ ፊት ረድፍ አላየሁም።

ትንሽ ቆይቶ ከዚያ ረድፍ የማላውቀው ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ ሊቀመንበርነት የሌለበት።

«መሃሉ ላይ መቀመጫ ይኖረዋል?»

ማንም አልሳቀም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ለኔም» ብለው እጃቸውን አነሱ። አንዲት እርጉዝ አነሳች። ቀጥሎ ጋሽ መቀስ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው መሆኑን ያኔ አሰብኩ። ፏፏቴውን ግን አልተወም፣ ትንሽም ብትሆን አለ።

አዲሱ አለፈ። ውሻው ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ።

አለቃዬ መኪናው ጋ ጠብቆኝ ነበር። «አላውቃትም ያልሽኝ…»

«አዎ።»

«ስኳሩን ስትቀንስብሽ መጠርጠር ነበረብኝ።» ሊስቅ ሲል ትዝ አለው መሰለኝ፣ በሩን ዘግቶ ሄደ።

ወደ ቤት እማዬ ክንዴን ይዛ ተራመደች። እንዲያው ለወሬ እንዲመች ነው የያዝኩሽ አለችኝ።

«የሣልኩት እኔ መሆኔን መቼ አወቅሽ?»

«ሥዕሉን እንዳየሁት። ልጅ ሆነሽ የሳሎኔን ግድግዳ በከሰል ያበላሸሽው ያንኑ ቀስት እየሣልሽ ነው። ሁለቴ ቀለም አስቀብቼበታለሁ።»

«አውቀሽ ነዋ አህያ ያልሽኝ?»

«ማን ሣለው ስልሽ ቢሮው አልሽኝ። ቢሮውን ነው የሰደብኩት።»

ትንሽ ሄደን «አንቺስ ስለ ጉልበትሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ልጄ መሐንዲስ ናት፣ ራሷ ታየዋለች ብዬ» አለች።

ማክሰኞ

የክፍል ኃላፊነቱ ለሌላ ተሰጠ። ጥሩ ሰው ነው። ድልድይ ይወዳል።

ሰኞ፣ ቸኩዬ

የደሴቷ ሙከራ ተጀመረ። ለጊዜው ቀለም፣ በርሜል፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ተንቀሳቃሽ መብራት። እማዬ ክንዴን አልቀበልም ብላ ብቻዋን ወረደች። እኔ ጠርዙ ላይ ትንፋሼን ይዤ ቀረሁ። መሃል ደርሳ ተቀመጠች። መብራቱ በራላት፣ አልተነሳችም። ደግሞ በራ፣ አልተነሳችም። ፊሽካ ሮጦ «እናቴ፣ ምን ሆኑ?» ሲላት «ምንም። ደስ ይላል እዚህ» አለችው። ሦስተኛው ላይ ተነስታ ልብስ ሰፊዋ ጋ ገባች። እርቁ ፈጣን ነበር፤ የተጣሉበትን ሁለቱም አያውቁትም።

እሁድ

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል፣ እማዬ የለችም። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ናት፤ ስገባ ቤቱ ባዶ ነው። ስልኳን ጥላ ሄዳለች። ምግቡ ሁለቴ ቀዝቅዞ ሁለቴ ሞቋል። ደጅ ወጥቼ ጠርዙ ላይ ቆሜ ተመለስኩ። አሁንም እየጻፍኩ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። ሰው እንዴት ይህን ያህል ሰዓት…

መጣች። ጉንጮቿ ቀልተዋል፣ እግሯ ትንሽ ይጎተታል፣ ዓይኗ ግን ያበራል።

«የት ነበርሽ?» አልኳት። ድምፄ የእሷን ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«ስብሰባ ላይ። የማዶዎቹም ኮሚቴ አቋቁመዋል። እምቢ ብል በግድ ሊቀመንበር አደረጉኝ።»

«ደግሞ በምን ጉዳይ?»

ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«ስለ አዲሱ መብራት ነው። ለእግረኛ በጣም ይረዝማል፤ መኪናው ሁሉ ተማረረ። ነገ ቢሮሽ ስትገቢ የሣለውን ሰው አጣሪልኝ።»